ፍርዱን አሸንፌ ብሩን ላጣሁት ለእኔ የደረሰችልኝ ጠበቃ

ሎስ አንጀለስና አካባቢዋ ላላችሁ ወገኖቼ። ይህን የምጽፈው አንዲት እህታችንን ለማመስገን፣ እንደ እኔ ለተቸገረም ለመጠቆም ነው። ጠበቃ ናት። ስሜን አታውጣ ስላለችኝ አላወጣሁም። የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ስልኳን እሰጣለሁ።

ለአንድ የማውቀው ሰው፣ የሚያከራየው ቤት ሊገዛ ሲል 38 ሺህ ዶላር አበደርኩት። ደግነቱ ወረቀት ላይ ፈርሞልኛል። ሳይከፍል ቀረ። ስልክ ማንሳት ተወ፣ ለቅሶ ቤት እንኳ ስንገናኝ በሌላ በር ይወጣ ጀመር። ከሰስኩት። በ2022 ወለዱና ወጪው ተደምሮ 41 ሺህ ዶላር ተፈረደልኝ። ያን ቀን ለባለቤቴ ደውዬ «ብራችን ተገኘ» አልኳት። የዋህ ነበርኩ።

ፍርድ ቤት ይፈርዳል እንጂ ገንዘቡን ሰብስቦ አያመጣልህም። ሰውዬው ደግሞ በስሙ ምንም የለውም። የሚነዳው መኪና፣ የሚያከራየው ቤት፣ ባንክ ያለው ገንዘብ፣ ሁሉም ዋዮሚንግ በሚባል ስቴት የተመዘገበ የአንድ ኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ድርጅት) ነው። ዋዮሚንግን ረግጧት አያውቅም። እዚያ ኤልኤልሲ ሲመዘገብ የባለቤቱን ስም መዝገቡ ላይ ማውጣት ግዴታ አይደለም። እኔም ፈልጌ ፈልጌ ያገኘሁት የወኪሉን አድራሻ ብቻ ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። መጀመሪያ የሄድኩበት ዕዳ አስመላሽ ድርጅት ግማሹን እወስዳለሁ ብሎ አስፈረመኝ። በስድስት ወር ውስጥ ሁለት ደብዳቤ ላከና ጠፋ።

እሷ ዘንድ ስሄድ መጀመሪያ ያለችኝ «ጋሼ፣ ላይሳካም ይችላል» ነው። ደስ አላለኝም። በኋላ ግን ያመንኳት ለዚህ ነው። ቀጥላ ካልኩሌተሯን አወጣች። በካሊፎርኒያ ሕግ በፍርዱ ላይ በዓመት 10 በመቶ ወለድ ይታሰባል፤ ከ2023 ወዲህ ለተፈረደ የግል ፍጆታ ዕዳ ግን ሊያንስ ይችላል። «በቀን 11 ዶላር ከ23 ሳንቲም እየቆጠረልዎት ነው። ፍርዱ 10 ዓመት ይቆያል፣ ሊታደስም ይችላል። አይቸኩሉ።»

መጀመሪያ ያደረገችው ሰውዬውን በፍርድ ቤት ትእዛዝ ለምርመራ ማስጠራት ነው። ባለዕዳው ያለውን ሀብት በመሐላ እንዲናገር ይገደዳል፤ ከቀረ ዳኛው የመያዣ ትእዛዝ ሊያወጡበት ይችላሉ። ትልቅ ችሎት መስሎኝ ክራባት አድርጌ ሄድኩ። ለካ ካስማሉ በኋላ ወደ ኮሪደር ነው የሚያስወጡን! እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ሰው እያለፈ፣ የታክስ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ጠየቀችው። የቤቱ ኪራይ ተመላሹ ላይ በእሱ ስም ተሞልቷል። «ድርጅቱ የማን ነው?» ዝም አለ። ደገመችው። «የኔ» አለ። «ሌላ ባለድርሻ አለ?» «የለም።» ሁለት ዓመት የፈለግኩትን መልስ በአንድ ጠዋት ሰማሁት።

ከዚያ ቻርጂንግ ኦርደር የሚሉትን አስወጣች። የሰውዬው ዕዳ የራሱ እንጂ የድርጅቱ ስላልሆነ የድርጅቱን ንብረት በቀጥታ መያዝ አይቻልም። በዚህ ትእዛዝ ግን ድርጅቱ ለእሱ የሚያከፋፍለው ትርፍ ወደ እኔ እንዲመጣ ይደረጋል። ድርጅቱ የሌላ ስቴት በመሆኑ የየትኛው ስቴት ሕግ ይገዛዋል የሚለው ያከራክራል። ዋዮሚንግ፣ ባለቤቱ አንድ ሰው ብቻ ቢሆንም እንኳ፣ ለአበዳሪ ከዚህ ትእዛዝ ሌላ መንገድ አትሰጥም። እሷ ግን ሰውዬው እዚሁ ስለሚኖር የእኛው ፍርድ ቤት ሊያዝዘው ይችላል ብላ ተከራከረች፣ ተሳካላትም። ሰውዬው ላስ ቬጋስ ቢኖር ኖሮ ፍርዱን መጀመሪያ ኔቫዳ ማስመዝገብ ነበረብን።

ትእዛዙ ወጣ። አንድ ዶላር አልመጣም። እኛ ቧንቧው ስር ባልዲ ስናስቀምጥ እሱ ቧንቧውን ዘጋው። ትርፍ ማከፋፈል አቆመና በድርጅቱ ካርድ መኖር ጀመረ። እዚህ ላይ እኔ ተስፋ ቆርጬ ነበር፣ አልዋሽም።

እሷ ግን የድርጅቱን የባንክ ወረቀት በሱፒና፣ ማለት ማስረጃ አቅርቡ በሚል ትእዛዝ፣ አስመጣች። የቤቱ አስቤዛ፣ የልጁ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የአውሮፕላን ትኬት፣ ሁሉም ከድርጅቱ ነው። በ2017 የካሊፎርኒያ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ኩርቺ እና ቦልድዊን በሚባለው ክርክር፣ ሰውና ድርጅት እንዲህ ሲደባለቁ የባለድርሻው ዕዳ በሌላ ስቴት፣ በዴላዌር፣ በተመዘገበ ኤልኤልሲው ላይ ሊሄድ የሚችልበትን በር እንደከፈተ አስረዳችኝ። በዚያ ክርክር ባለዕዳ የነበረው ሰውዬ ከፍርዱ በፊት በሚሊዮኖች ያከፋፍል ነበር፤ ከፍርዱ በኋላ ግን አቆመ። የኔውን ሰውዬ አስታወሰኝ።

የጨረሰው ግን ሌላ ነገር ነው። ኖርዎክ ካለው የካውንቲው መዝገብ ቤት የቤቱን የባለቤትነት ወረቀት ቅጂ አመጣች። ፊት ለፊቴ አስቀምጣ ቀኑን በእስክሪብቶ ነካ ነካ አደረገችው። ቤቱ ወደ ድርጅቱ የዞረው ክሱ በደረሰው በዘጠነኛው ቀን ነው፤ ያለ ክፍያ። አበዳሪን ለማምለጥ የተደረገ ዝውውርን ማስፈረስ የሚቻለው ባብዛኛው በአራት ዓመት ውስጥ ነው፣ እኛም ገና ጊዜ ነበረን። ለዚያ ሌላ ክስ መሰረተችና ቤቱ ላይ ሊስ ፔንደንስ አስመዘገበች። ይህ ቤቱ ክርክር እንዳለበት ለማንም የሚያሳውቅ ማስታወቂያ ነው። ሰውዬው ለካ ሪፋይናንስ፣ ማለት በቤቱ አዲስ የባንክ ብድር ማውጣት፣ ጀምሮ ኖሯል። ባንኩ ይህን ሲያይ ቆመበት።

በሦስተኛው ሳምንት ራሱ ደወለ። ከተወሰነው ወለድ ላይ ቀነስኩለት፣ ዋናውን በካሽየርስ ቼክ ከፈለ፣ እኔም ዕዳው መከፈሉን የሚገልጸውን ወረቀት ፈረምኩለት። ሰላም ተባብለናል፣ ቡና ግን አልጠጣንም።

እንከኗንም ልናገር። ስልክ ቶሎ አትመልስም። ክፍያዋ በሰዓት ነው፣ ርካሽ አይደለችም፤ ግን ከእያንዳንዱ እርምጃ በፊት ስንት እንደሚፈጅ ነግራ «ያዋጣናል ወይ?» ብላ ትጠይቃለች። የምትሄዱ ፍርዱን፣ የፈረማችሁትን ውልና ሰውዬው የጻፈላችሁን ማንኛውንም ቼክ ይዛችሁ ሂዱ። ባዶ እጅ ከሄዳችሁ ትመልሳችኋለች፤ እኔን መልሳኛለች። ቢሮዋ ጋ ፓርኪንግ የለም፣ ሰዓት ጨምራችሁ ውጡ።