ቡስተር ከመግዛታችሁ በፊት የራውተራችሁን ቻርጀር እዩ

ባህር ዳር ያላችሁ፣ የቤታችሁ ዋይፋይ እየተቆራረጠ ያስቸገራችሁ፣ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ይቺን አንብቡ። እኔ ቡስተር በሚሉት የዋይፋይ ሲግናል ማራዘሚያ 4,200 ብሬን ተበልቻለሁ።

ከክረምቱ ጀምሮ ማታ ማታ ኢንተርኔታችን ይጠፋል። ልጄ የምታጠናው ከኋላ ሰርቪስ ክፍል ነው። "አባዬ፣ ደሞ ሄደ!" ትላለች። ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆይቶ ይመለሳል። እኔም ርቀቱ ነው ብዬ ደመደምኩ። ሰርቪሱ ቆርቆሮ ነው፤ ሲግናል ደግሞ ቆርቆሮን በደንብ አያልፍም። ሳሎን ላለነውም ይቋረጥ ነበር፤ ቴሌቪዥን ላይ ስለምናፈጥ ልብ አላልነውም እንጂ።

ገበያ ወጥቼ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገባሁ። ስሙን አልጠራም። ልጁ ገና "ይቆራረጣል" ከማለቴ ነጭ ሣጥን አወጣ። "ወንድሜ፣ ይሄ ቡስተር ነው። ሰክተህ እርሳው። ፍጥነቱን እጥፍ ነው የሚያደርግልህ።" ሣጥኑ ላይ በትልቁ 1200 ተጽፏል። ራውተርህ ምን ዓይነት ነው አላለኝም። የሚቋረጠው የት የት ነው አላለኝም። ያኔ መንቃት ነበረብኝ። ደረሰኝ ስጠይቀው "ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ነገ ትወስዳለህ" አለኝ።

ገጣሚው በባጃጅ መጣ፤ ለእሱ ሌላ 500 ብር። ቀጥ ብሎ ሰርቪሱ ውስጥ ሰካው። የልጄ ስልክ ላይ የዋይፋይ ምልክቱ ጢም አለ። ደስ ብሎን ቡና አጠጣነው። ማታ ምልክቱ እንደሞላ ነው፤ ቪዲዮው ላይ ግን ያቺ ክብ ነገር ትሽከረከራለች፣ ትሽከረከራለች።

የእህቴ ልጅ ፖሊ፣ የዩኒቨርሲቲው የምህንድስና ግቢ ነው የምትማረው። ቅዳሜ መጣች። ቡስተሩን ዞር ብላም አላየችው። ላፕቶፗን በገመድ ቀጥታ ራውተሩ ላይ ሰካች። "አጎቴ፣ በገመድም ከተቋረጠ ጥፋቱ የዋይፋዩ አይደለም" አለችኝ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ተቋረጠ። ሲመለስ የራውተሩን ገጽ ከፈተች። አድራሻው ራውተሩ ሆድ ላይ ተጽፏል፤ የእኛው 192.168.1.1 ነው። እዚያ ውስጥ ራውተሩ ከተነሳ ስንት ጊዜው እንደሆነ የሚናገር መስመር አለ። 3 ደቂቃ ይላል። ማንም አልነካውም።

ከዚያ ራውተሩን ከዳንቴሉ ስር አወጣችው። ባለቤቴ ሌሊት መብራቱ ስለሚብለጨለጭባት ትሸፍነዋለች፤ ስነካው እንደ ምጣድ ይፋጃል። ራውተሩ ላይ 12 ቮልት፣ 1 አምፔር ይላል። ቻርጀሩ ላይ 12 ቮልት፣ 0.5 አምፔር። ሐምሌ ላይ ያ የጣና ነጎድጓድ ሲያስገመግም መብራት ሄዶ መጣና የቀድሞው ቻርጀር ተቃጠለ። ይሄኛውን የገዛሁት እኔው ነኝ። ጫፉ ቀዳዳው ውስጥ ልክ ገባ፣ በቃ አልኩ። ጉልበቱ ግን የሚፈለገው ግማሽ ነው። ማታ ሁላችንም ስንከፍት ራውተሩ ብዙ ይጠይቃል፣ ቻርጀሩ አቅም ያጣል፣ ራውተሩ ጠፍቶ ይነሳል። ለዚህ ምን ቡስተር ይደርሳል?

ትክክለኛውን ቻርጀር በ350 ብር ገዛሁ፣ ዳንቴሉም ተነሳ። መቆራረጡ ቆመ።

አሁን ስለ ቡስተሩ ልንገራችሁ። ቡስተር ኢንተርኔት አይፈጥርም፤ የራውተሩን ሲግናል ተቀብሎ መልሶ ነው የሚለቀው። ሲግናል በማይደርስበት ክፍል ከተሰካ የሚለቀው ነገር የለውም። ስልካችሁ ላይ የሚሞላው ምልክት የሚያሳየው በስልኩና በቡስተሩ መካከል ያለውን ብቻ ነው። የቡስተር ቦታው በራውተሩና በክፍሉ አጋማሽ ላይ ነው፣ ሲግናሉ ገና ጥሩ ሳለ። እዚያም ሆኖ በአንድ ሞገድ ተቀብሎ በዚያው የሚለቅ ከሆነ ፍጥነቱን በግማሽ ገደማ ይቀንሰዋል። የሱቁ ልጅ "እጥፍ" ነበር ያለኝ! 1200 የምትለዋም ቁጥር ዋይፋይ በሚሠራባቸው በሁለቱ ሞገዶች፣ በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርዝ፣ ያሉት ፍጥነቶች ድምር ነች። የእኔን ስንከፍተው 5 የሚባል ጭራሽ የለውም፣ ያለው 2.4 ብቻ ነው።

ገጣሚው ደግሞ ያለ ይለፍ ቃል ትቶት ኖሯል። በራችን ላይ የሚቆሙት ባጃጆች ለምን እንደበዙ የገባኝ ያን ቀን ነው።

ልመልስ ሄድኩ። "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም። ለመሆኑ ከኛ ለመግዛትህ ደረሰኝ አለህ?" አለኝ ያው ልጅ። ዓይኑን እያየሁት ዝም አልኩ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ፣ ቁጥር 813/2006፣ ነጋዴ ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ አሳሳች ማስታወቂያንም ይከለክላል። ግን እጄ ላይ ምን አለና ልክሰስ?

ስለዚህ መጀመሪያ በገመድ ሞክሩ። የቻርጀሩንና የራውተሩን ጽሑፍ በስልካችሁ አንሱና ይዛችሁ ሂዱ። ቡስተር የግድ ካስፈለጋችሁ እዚያው ሱቅ አስከፍታችሁ 5 ጊጋኸርዝ እንዳለው እዩ። ደረሰኙን "ነገ" ካሏችሁ ብሩንም ነገ በሏቸው።