ከትሮን ማሽን ጋር ስንከርም

ይህን የትሮን ጌም ማሽን ባለፈው መስቀል ሰሞን ነው የገዛሁት። አሁን ፋሲካም አልፏል፤ የአዲስ ዕቃ ፍቅር በርዶልኛል፤ ስለዚህ ትንሽ ልጻፍለት።

በ1982 «ትሮን» የተባለው ፊልም ሲወጣ የአርኬድ ጌምም (በየመዝናኛው ቆሞ ሳንቲም እየተከተተበት የሚጫወቱት) አብሮት ወጥቶ ነበር። የእኔው ያንን ጌም ለቤት እንዲሆን አሳንሰው የሰሩት ነው። ቁመቱ ከዋናው ያጥራል፣ ኳርተር (የ25 ሳንቲም ፍራንክ) አይበላም። በ1983 የተከተለው «ዲስክስ ኦፍ ትሮን»ም ተጭኖበታል። ያገለገለ ስለሆነ 400 ዶላር ከፈልኩ። ባለቤቴ ዋጋውን ስትሰማ ያለችውን እዚህ አልጽፈውም።

ፊልሙን ላላየ፦ ጄፍ ብሪጅስ ፕሮግራመር ሆኖ ይጫወታል። ኮምፒውተር ውስጥ ይገባና ተሸናፊው የሚሞትበት ውድድር ይጠብቀዋል። ታሪኩ ዛሬ ሲታይ ይንዛዛል፣ አልዋሽም። መልኩ ግን እስካሁን ያፈዛል። ብዙ ሰው ያ ሁሉ የሚያበራ ልብስ የኮምፒውተር ሥራ ይመስለዋል። አይደለም። ዳይሬክተሩ ስቲቨን ሊስበርገር ተዋንያኑን በጥቁርና ነጭ ፊልም ነው የቀረጻቸው። ከዚያ ምስሉ አንድ በአንድ ሰፋ ባለ ፊልም ላይ ታተመ። ከኋላው መብራት እየበራ፣ ቀለሙ እየተጨመረ እንደገና ተቀረጸ። በኮምፒውተር ብቻ የተሰራው ክፍል ተደምሮ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። የቀረው በሰው እጅና በአምፖል የተለፋበት ነው።

የአርኬዱ ማሽንም የሚያምረው በመብራቱ ነበር። ባሊ ሚድዌይ የተባለው ኩባንያ የሰራው ዋናው ሳጥን ሐምራዊ አልትራቫዮሌት መብራት ነበረው። ያ መብራት ሲያርፍበት ሰማያዊው ጆይስቲክ (የመንጃ ዘንጉ) ጨለማ ውስጥ ይፈካል። ልጅ ሆኜ ዋሽንግተን አካባቢ አንድ ፒዛ ቤት ውስጥ ነው ያየሁት። ዓይኔን የሳበው ስክሪኑ ሳይሆን ያ ጆይስቲክ ነው። ይኸው ጌም በላፕቶፕ ሲጫወቱት አልጫ የሚሆነውም ለዚህ ይመስለኛል።

የእኔው ዕቃ ትልቁ ድክመትም እዚሁ ላይ ነው። መብራት አለው፣ ግን ደካማ ነው። ሳሎን አስቀምጬው ቀን ቀን ምንም አይታይም ነበር። ቤዝመንት ካወረድኩት በኋላ ግን ሌላ ዕቃ ሆነ። ጨለማ ክፍል ከሌላችሁ ገንዘባችሁን አታባክኑ።

ጌሙ አራት ዓይነት ነው። በሞተር ሳይክሉ እየሸሻችሁ፣ ከኋላችሁ በምትተዉት ግድግዳ ተቃዋሚውን ታጥራላችሁ። ሁሉም የሚያስታውሰው እሱን ነው፤ ለእኔ ግን ቶሎ ሰለቸኝ። መንገዱን አንዴ ከሸመደዱት አለቀ። ሸረሪት መሰሎቹን እየተኮሱ ማማው ውስጥ መግባትና የቀለም ግድግዳውን ሰብሮ ማለፍ ደህና ናቸው። ታንኩ ግን ጉድ ነው! በቀኝ እጅ ትነዳላችሁ፣ በግራ እጅ ማዞሪያዋን እያሽከረከራችሁ ታነጣጥራላችሁ። አንድ የጠላት ታንክ ሦስት ጥይት ይፈልጋል። ደረጃዎቹ የተሰየሙት በፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች ነው፤ ኮቦል፣ ቤዚክ፣ ፎርትራን እያለ ይሄዳል። የእህቴ ልጅ ሶፍትዌር ነው የሚሰራው። ኮቦል የሚለውን የጥንት ቋንቋ ስም ሲያይ ከት ብሎ ሳቀ። ወዲያው ታንኩ ላይ ድባቅ ተመታ።

ያልጠበቅኩት «ዲስክስ ኦፍ ትሮን»ን ነው። ፒዛ ቤቱ ስላልነበረው አላውቀውም ነበር። ክብ መቆሚያ ላይ ሆናችሁ ከፊልሙ ክፉ ሰው ከሳርክ ጋር ዲስክ ትወራወራላችሁ። ዲስኩ ግድግዳ ላይ ነጥሮ ስለሚመለስ ማዕዘን ማስላት አለ። አሁን ማታ ማታ የምከፍተው እሱን ነው።

ስለ ጥንካሬው፦ ስክሪኑ ምንም አልሆነም። ስፒከሩ ድምፅ ሲጨምሩበት ይንጫጫል። ማዞሪያዋ ግን ገና ጥር ላይ መዝለል ጀመረች፤ ወደ ቀኝ ሳዞራት ታንኩ ወደ ግራ ይተኩሳል። ለሻጩ ብደውል «ዋስትናው አይሸፍንም» አለኝ። ከፍቼ አቧራውን በታመቀ አየር ሳስወጣው ተስተካከለች። ከዚያ ወዲህ በየጥቂት ሳምንቱ አጸዳታለሁ። ቁመቱም ችግር አለበት፤ ረዘም ያለ ሰው ከስሩ ማስቀመጫ ካላደረገለት ወገቡን ያመዋል።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ከመክፈላችሁ በፊት ታንኩን ክፈቱና ማዞሪያዋን መጀመሪያ በዝግታ፣ ቀጥሎ በፍጥነት ሙሉ ዙር አዙሯት። የምትዘል ከሆነ ዋጋ አስቀንሱ። ሻጩ መብራቱን አብርቶ እንዲያሳያችሁም ጠይቁ፤ ክፍሉን አጨልሞ ቢሆን ይመረጣል።