ቦቢን መልሰው ላስሮጡልኝ ዶክተር

ዶክተር፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ውሻዬ ቦቢ ዛሬ ሮጠ። አሸዋው ላይ፣ እኔን ጥሎኝ፣ ጆሮውን ወደ ኋላ አጥፎ ሮጠ። በስልክ አመስግኛቸዋለሁ፤ ግን አልወጣልኝም። ሰው ሁሉ ይስማልኝ ብዬ ነው የምጽፈው።

ከውሻ ጋር ባህር ዳርቻ ሮጦ የማያውቅ ሰው «ለውሻ ይሄ ሁሉ?» ሊል ይችላል። አልፈርድበትም። ብቻዬን ስሮጥ በየደቂቃው ሰዓቴን ነው የማየው። ከቦቢ ጋር ሲሆን ሰዓት የለም። ማዕበሉ ሲመለስ ያሳድደዋል፣ ሲመጣ ይሸሻል። ከቀደመው ደግሞ ቆሞ ይጮህበታል! ርቆ ይሄድና ዞሮ ያየኛል፤ «ምን ሆነህ ነው የምትጎተተው?» የሚል ነው የሚመስለው። የሞተ አሳ ካገኘ ሩጫው እዚያው ያበቃል፤ ሳይንከባለልበት አይሄድም። ሽታውን አልነግራችሁም። ተናድጄ ከቤት ወጥቼ እየሳቅኩ የተመለስኩባቸው ቀናት ብዙ ናቸው።

ታዲያ አንድ ቀን የኋላ እግሩን ማንከስ ጀመረ። ለጥቂት ቀን ብለን ተውነው፣ አልለቀቀውም። ገመዱን ሳነሳ በሩ ጋ ይመጣና ይተኛል። መሄድ ይፈልጋል፣ እግሩ እምቢ ይለዋል።

መጀመሪያ የወሰድኩባቸውን ቦታዎች ስም አልጠራም። አንዱ ጋ ገና እግሩን ሳይነኩ መርፌ ወጉት። ሌላው ጋ ሰውየው ከስልኩ ቀና ሳይል «አርጅቷል» አለኝ። ዕድሜውን እንኳን አልጠየቀኝም! አንዱማ፣ ሲታወሰኝ እስካሁን ደሜ ይፈላል፣ «ሌላ ቡችላ ብታሳድግ ይቀልሃል» አለኝ። ቦቢ እኮ አጠገቤ ቆሞ ጭራውን እየቆላለት ነበር። ሒሳብ ሲቀበሉ ግን ማንም አይቀድማቸውም።

ዶክተሩን አንድ ወዳጄ ጠቆመኝ። ተስፋ ቆርጬ ስለነበር «ያው ናቸው» እያልኩ ነው የሄድኩት። ቦቢ ጠረጴዛው ላይ ሊወጣ አልፈለገም፣ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሌላ ቦታ ቢሆን አፉን አስረው ያነሱት ነበር። እሳቸው በዚያ ዕድሜያቸው ጉልበታቸውን ይዘው ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። አልነኩትም፤ ዝም ብለው ጠበቁት። እኔን እያወሩኝ እጃቸውን ዘርግተው ተዉት። ቦቢ ራሱ ሄዶ አሸተታቸውና አጠገባቸው ተኛ። ከዚያ በኋላ ነው እግሩን የዳበሱት። እኔ እዚያ ጋ እንባዬ መጣ፤ ምን ይደረግ።

ቀጥሎ ወደ ውጭ ወጥተን ከኋላም ከጎንም ሲራመድ አዩት። «ልጄ፣ የት ነው የምትሮጡት?» አሉኝ። ባህር ዳርቻ ላይ አልኳቸው። «ባህሩ በየትኛው ጎናችሁ ነው?» ሲሉኝ ግራ ገባኝ። ሁልጊዜ በግራ ነው፤ ስንመለስ በመንገዱ ስለሆነ። ለካ ዳርቻው ወደ ውሃው ያዘቀዝቃል፤ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሲሮጥ አንዱ ጎኑ ዝቅ እንዳለ ነው። ደረቁ አሸዋ ደግሞ እግር እየዋጠ ጅማት ያደክማል። ስንት ሰው አየው፣ ይህን የጠየቀኝ እሳቸው ብቻ ናቸው!

ራጁን አሳይተው የጉልበቱን ችግር አስረዱኝ። እውነቱን ለመናገር አልገባኝም፤ «ይድናል» ያሉትን ብቻ ነው የያዝኩት። መድኃኒት ሰጡት። መጀመሪያ እረፍት፣ ከዚያ በገመድ አጭር እርምጃ፣ ከዚያ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ መራመድ። ሩጫውን እንዲህ ቀስ በቀስ ነው የመለሱለት። በየመሃሉ ራሳቸው ይደውሉ ነበር። የሚደውል ሐኪም!

ውሻ ላላችሁ ምክራቸውን ላካፍል። ውሃው ነክቶት በጠነከረው አሸዋ ላይ ሩጡ፤ ስትመለሱም በዚያው ተመለሱ። የእጃችሁን ጀርባ አሸዋው ላይ 7 ሰከንድ ማቆየት ካልቻላችሁ መዳፉን ያቃጥለዋል። ውሻ እንደ እኛ መላ ሰውነቱ አያልበውም፤ ሙቀቱን በዋናነት የሚያስወጣው በማለክለክ ነው። ስለዚህ ማለዳ ወይም አመሻሽ ይሻላል። የሚጠጣ ውሃ ያዙለት፣ የባህሩን እንዳይጠጣ። አንድ ሊትር የባህር ውሃ 35 ግራም ያህል ጨው አለው፤ ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው ሊውል ይችላል፣ ከበዛ ደግሞ ሊመርዘውም ይችላል። ቤት ስትገቡ ጨውና አሸዋውን እጠቡለት፣ በጣቶቹ መሃል ሳይቀር።

እባካችሁ፣ ውሻችሁ ካነከሰ ነገ ይተወዋል ብላችሁ አትጠብቁ። እንደ እኔ ከበር በር አትንከራተቱ፣ በቀጥታ እሳቸው ጋ ሂዱ። ደግሜ እላለሁ፣ እሳቸው ጋ ሂዱ! ስሜ በይፋ አይጻፍ ስላሉኝ ነው እዚህ ያላሰፈርኩት፤ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ ስልካቸውን እሰጣለሁ። ጠዋት ሰው ይበዛባቸዋል፣ ከሰዓት ደውሉ። ደግሞ ባህሩ በየትኛው ጎናችሁ እንደሆነ አስባችሁ ሂዱ፤ መጠየቃቸው አይቀርም።