የአባቴን ሜዳሊያ ላስመለሰችልን ሴት

እናቴ «ጻፊላት» ካለችኝ ሦስት ሳምንት ሆነ። ድፎ ዳቦ ጋግራ ቢሮዋ ድረስ ወስዳላት ነበር። ሴትየዋ ዳቦውን አሸተተችው፣ ፊቷ በራ፣ ግን «የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆንኩ ስጦታ መቀበል አይፈቀድልኝም» ብላ ይቅርታ ጠየቀች። እናቴ በዕድሜዋ ዳቦ ተመልሶባት አያውቅም። መኪና ውስጥ ገብተን እስክንነሳ ዝም አለች። ከዚያ «እንግዲያው ለሰው ሁሉ ንገሪላት» አለችኝ። ይኸው እየተናገርኩ ነው።

ስሟን አልጽፍም፤ እንዳልጽፍ ራሷ ጠይቃኛለች። ሥራዋ ግን «ካውንቲ ቬተራንስ ሰርቪስ ኦፊሰር» ይባላል። እዚህ ሚኒሶታ 87 ካውንቲ፣ ማለትም የአስተዳደር ወረዳ፣ አለ፤ ሁሉም ጋ ይህን ሥራ የሚሠራ ቢሮ ታገኛላችሁ። የአሜሪካ ጦር ውስጥ ያገለገለ ሰው፣ ወይም እሱ ካለፈ ቤተሰቡ፣ የሚገባውን እንዲያገኝ ይረዳሉ። አምስት ሳንቲም አያስከፍሉም። እኛ ይህን ሳናውቅ አንድ ዓመት ሙሉ ተንከራተትን።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ በሱዳን አድርገው በ1980ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ከገቡት ስደተኞች አንዱ ነበር። (እዚህ ላይ የምጽፋቸው ዓመተ ምሕረቶች፣ የኛ ነው ካላልኩ በስተቀር፣ በፈረንጅ ናቸው። ለምን እንደምጠነቀቅ ወደ ታች ይገባችኋል።) በ1987 በግሪን ካርዱ ወታደር ቤት ገባ። የነዳጅ ቦቴ ነጂ ሆነ። ኢራቅ ኩዌትን ስትወርር ክፍሉ ወደ ሳዑዲ በረሃ ተላከ። በ1991 የካቲት ላይ የምድር ጦርነቱ ለመቶ ሰዓት ሲካሄድ፣ አባቴ ከታንኮቹ ኋላ ነዳጅ ጭኖ ይነዳ ነበር። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ተሰናበተ።

ስለዚያ ጊዜ አያወራም። ትንሽ ሳለን ስንጠይቀው «ሌሊት መብራት አጥፍተን እንነዳ ነበር» ይለናል፤ በቃ። እኔ ለአቅመ መኪና ስደርስ ያስተማረኝ እሱ ነው። መሪ ሲይዝ እጁ እንዴት እንደሚረጋ አሁንም ይታየኛል።

ሲያርፍ ፎርት ስኔሊንግ ብሔራዊ መካነ መቃብር ቀበርነው። ሁለት ወጣት ወታደሮች ባንዲራውን አጥፈው፣ አንዱ ተንበርክኮ ለእናቴ ሰጣት። ጥሩምባው ሲነፋ ያላለቀሰ አልነበረም።

አርባው ካለፈ በኋላ ከቴክሳስ ስልክ ተደወለ። አብሮት ያገለገለ ሰው ነው። ካጽናናን በኋላ፣ «የኮሜንዴሽን ሜዳሊያውን መቃብሩ ላይ አስቀረፃችሁት?» አለን። ጥሩ ለሠራ ወታደር የሚሰጥ የምስጋና ሜዳሊያ ነው። የምን ሜዳሊያ? እናቴ ሠላሳ ዓመት አብራው ኖራ ሰምታ አታውቅም።

የስንብት ወረቀቱን አወጣን። ዲዲ 214 የሚሉት ነው፤ አገልግሎቱን ጨርሶ ለሚሰናበት ወታደር የሚሰጥ። በ13ኛው ሳጥን ሜዳሊያና ሪባን ይዘረዘራል። የአባቴ ሳጥን ውስጥ ያለው ማንኛውም በዚያ ዘመን ያገለገለ ሰው የሚኖረው ነው። ስለ በረሃው አንዲት ቃል የለም። ጭራሽ ሳዑዲ ያልሄደ ነው የሚመስለው።

መጀመሪያ ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁት ድርጅት «እናስተካክላለን» ብሎ ገንዘብ ተቀበለኝ። ከአራት ወር በኋላ የላከልኝ ያንኑ ዲዲ 214 ነው፣ በሚያምር ፎልደር። ቤተሰብ በነፃ የሚያገኘውን ወረቀት ገዝቼ እንደነበር ያወቅኩት በኋላ ነው። ከዚያ ራሴ ደብዳቤ ጻፍኩ። ምንም ማስረጃ ሳላያይዝ «አባቴ ጀግና ነበር» ዓይነት ደብዳቤ። መልሱ አጭር ነበር፤ መዝገቡ ላይ የለም።

እናቴ «ተይው፣ እግዜር ያውቀዋል» አለች። እኔም ልተወው ነበር። ቤተ ክርስቲያን ያገኘኋት አንዲት ነርስ ናት ካውንቲ ቢሮ ሂጂ ያለችኝ።

የመጀመሪያውን ቀን አልረሳውም። ሴትየዋ ራሷም ወታደር ነበረች። ወረቀቶቼን ዘረገፍኩላት። ገና አላየቻቸውም። ወንበሯን ወደ እናቴ አዞረችና «ምን ዓይነት ሰው ነበር?» አለቻት። እኔ አስተረጎምኩ። እናቴ ግማሽ ሰዓት አወራች። ሴትየዋ አላቋረጠችም፣ ሰዓቷንም አላየችም። እናቴ አባቴ በደብዳቤ እንዳጫት ስትነግራት ግን ብድግ አለች። «ደብዳቤዎቹ አሉ?»

አሉ። አባቴ በረሃ ሳለ እናቴ አዲስ አበባ ነበረች። ዋሽንግተን ላለች የአክስቱ ልጅ ይልክላታል፤ እሷ ደግሞ መንገደኛ ስታገኝ ለእናቴ ትልካለች። እናቴ ሁሉንም ፖስታው ሳይቀር አስቀምጣለች። በማግስቱ ወሰድንላት። ሴትየዋ ደብዳቤውን ትታ ፖስታውን ብርሃን ላይ ያዘችው። ቴምብር የለውም። ቴምብሩ በሚለጠፍበት ቦታ አባቴ በእስክሪብቶ «ፍሪ» ብሎ ጽፎበታል። በዚያ ጦርነት በረሃ የነበሩ ወታደሮች አሜሪካ የሚልኩት ደብዳቤ በነፃ ይሄድ ነበርና። ጥግ ላይ የወታደር ፖስታ ቤት ቁጥር አለ። ማኅተሙ ላይ ማርች 1991 ይነበባል። «ባልሽ ማስረጃውን በእጁ ጽፎልሻል» አለቻት። እናቴ ፖስታውን ተቀብላ በመሐረብ ጠቀለለችው።

ከዚያ ያስረዳችን ነገር ለብዙ ሰው ይጠቅማል። የጎደለ ሜዳሊያ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በቦታው በመገኘት ብቻ የሚገባ ነው። የደቡብ ምዕራብ እስያ አገልግሎት ሜዳሊያ እንዲያ ነው። የኩዌት ነፃነት ሜዳሊያም ሁለት አለ፤ አንዱ የሳዑዲ፣ አንዱ የኩዌት። የሳዑዲው የጸደቀው በ1992 መጀመሪያ፣ የኩዌቱ በ1995 ነው። አባቴ የወጣው በ1991። ስንብቱን የጻፈው ሰው ገና ያልነበረ ሜዳሊያ እንዴት ይጽፋል? ስንቱ ሰው እንዲህ ቀርቶበት ይሆን! ለነዚህ እዚያ እንደነበረ ማሳየት ይበቃል። ሁለተኛው ዓይነት፣ ልክ እንደ ኮሜንዴሽኑ፣ ስሙ ያለበት የሽልማት ትእዛዝ ይፈልጋል። «ትእዛዙ ከተገኘ ያልቃል፣ ካልተገኘ ረጅም ነው» አለችን። የትም ሄደን አቤት ከማለታችን በፊት ሙሉ ፋይሉን ከሴንት ሉዊስ እናስመጣ አለች። የወታደር መዝገቦች ያሉት እዚያ ነው። እኔ ስጠይቅ የኖርኩት ዲዲ 214ን ብቻ ነበር።

«እስከዚያ እናንተ ቤቱን ፈትሹ» አለችን። «ወታደር ወረቀት አይጥልም።»

እውነቷን ነው። ሻንጣውን፣ ጋራዡን፣ የመኪና ደረሰኝ የሚያስቀምጥበትን ካርቶን ሁሉ አገላበጥን። በመጨረሻ እናቴ በየማለዳው በሚደግመው ዳዊት ውስጥ አገኘችው። አራት ቦታ ታጥፎ፣ ጠርዙ ቢጫ የሆነ ስስ ወረቀት። ኅዳር 1991 የወጣ ትእዛዝ ነው፤ ከተሰናበተ ከሁለት ወር በኋላ። ፋይሉ ቀድሞት ሄዷል፤ ትእዛዙ በፖስታ ቤቱ ደርሷል። ዳዊቱ ውስጥ ከትቶት ኖረ።

እልል ልንል ስንል ሌላ ጣጣ መጣ። ትእዛዙ ላይ ያለው ስም የአባቴ ስም አይደለም።

የአባቴ ስም በ«ጸ» ይጀምራል። የኛ ሰው ይህን ያውቀዋል። በፈረንጅ ፊደል አንዱ በ«ቲ»ና «ኤስ» ይጽፈዋል፣ ሌላው ቲውን ጥሎ በ«ኤስ» ብቻ። ስንብቱ ላይ ቲው አለ። ትእዛዙ ላይ የለም። ሴትየዋ ላከችው፤ ስሙ አይገጥምም ተብሎ ተመለሰ። በዚያ ላይ የደብዳቤው ቀን! አባቴ ከላይ በኩል «የካቲት 23 ቀን 1983 ዓ.ም.» ብሎ ጽፏል። ደብዳቤውን ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው ተርጓሚ ቀኑን እንዳለ አስቀመጠው። በ1983 እንደ ፈረንጁ ከሆነ አባቴ ገና ወታደር አልነበረም።

ሌላ ሠራተኛ ቢሆን እዚህ ላይ ፋይሉን ይዘጋ ነበር። እሷ ግን ደወለችልኝ። እኔ አይደለሁም የደወልኩት፣ እሷ ናት። «እስቲ ካሌንደራችሁን አስተምሪኝ» አለችኝ። አርባ ደቂቃ በስልክ ስለ መስከረም አንድ፣ ስለ ጳጉሜ፣ ስለ ሰባትና ስምንት ዓመቱ ልዩነት ነገርኳት። አብረን ቆጠርነው፤ የካቲት 23 ማርች 2 ቀን 1991 ሆነ። ተኩስ በቆመ በሁለተኛው ቀን ማለት ነው። ከፖስታው ማኅተም ጋር ልክ ገጠመ። ትርጉሙን በሁለቱም ቀን አስጻፈችና የተርጓሚውን ቃል በፊርማ አያያዘች። ስለ ስሙ ደግሞ አንድ ገጽ ጻፈች። «ጸ» የሚባል ፊደል እንዳለ፣ በእንግሊዝኛ አቻ እንደሌለው፣ ሁለቱም አጻጻፍ አንድ ስም እንደሆነ። ከሥሩ ዋናውን አስቀመጠች፤ ትእዛዙ ላይ ያለው የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርና ስንብቱ ላይ ያለው አንድ ነው። ያን ጊዜ ወታደራዊ ትእዛዝ ላይ ቁጥሩ ሙሉውን ይጻፍ ነበር። ዘጠኙን አሃዝ አንድ በአንድ በእርሳስ ነጥብ ምልክት አድርጋ እንዳመሳከረች ኮፒው ላይ አየሁት።

የቴክሳሱ ጓደኛውም ያየውን ጽፎ ፈርሞ ላከ። የሞት ምስክር ወረቀትና የጋብቻ ሰርተፊኬት ጨመርን። ሜዳሊያ ለመጠየቅ ቀዳሚው መብት ሌላ ያላገባች ሚስት ነው፣ ከዚያ የበኩር ልጅ። ስለዚህ የፈረመችው እናቴ ናት።

በሰባተኛው ወር ዲዲ 215 መጣ። ስንብቱ ላይ የጎደለውን የሚያርም ወረቀት ነው። አራት መስመር። ከሱ ኋላ ሜዳሊያው ከፊላዴልፊያ በፖስታ ደረሰ። የወታደር መዝገብ ስህተት ወደሚያየው እርማት ቦርድ መሄድ ሳያስፈልገን አለቀ። ትእዛዝ ለጠፋበት ሰው ግን ያ መንገድም አለ። ዲዲ 149 የሚባል ፎርም ነው። ስህተቱን ካወቃችሁ በሦስት ዓመት ውስጥ ማስገባት አለባችሁ ይላል፤ በቂ ምክንያት ካለ ቦርዱ ጊዜውን ሊያልፈው ይችላል። መጀመሪያ እኛ በሄድንበት መንገድ ሳትሞክሩ ቀጥታ ቦርድ ከሄዳችሁ ግን ይመልሷችኋል። ይህንንም የነገረችን እሷ ናት።

እና እባካችሁ፣ አባት፣ ባል፣ ወንድም የአሜሪካ ጦር ውስጥ አገልግሎ ያለፈባችሁ ካላችሁ ለማንም ገንዘብ አትክፈሉ። የካውንቲያችሁን ወይም የስቴታችሁን ቬተራንስ ቢሮ ጠይቁ። ቢሮው ሩቅ ከሆነ አሜሪካን ሊጅን፣ ቪኤፍደብልዩ ወይም ዲኤቪ የሚባሉት የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራትም በነፃ የሚረዱ ሰዎች አሏቸው። ስትሄዱ ስሙ የተጻፈባቸውን መንገዶች ሁሉ በወረቀት ዘርዝራችሁ ያዙ። የኛ ቀን ያለበት ወረቀት ካላችሁ የፈረንጁን ቀን ጎኑ ላይ አስጽፉ። ፖስታ አትጣሉ። ዳዊቱንም ግለጡት።

ሁለተኛውን ሙት ዓመቱን ያወጣነው ባለፈው ቅዳሜ ነው። ጠራናት። «ቢሮ ካልሆነ እመጣለሁ» ብላ መጣች። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባች። እናቴ «ነይ ልጄ» ብላ አጠገቧ አስቀመጠቻትና አጎረሰቻት። የዛን ቀን አልተመለሰባትም። ሜዳሊያው ከፎቶው ሥር፣ ከሻማው አጠገብ ነበር።

ሰው ሲቀንስ ሴትየዋ ቀስ ብላ ጠጋ አለችኝና ያን ደብዳቤ በአማርኛ እንዳነብላት ጠየቀችኝ። ትርጉሙን ስንት ጊዜ አንብባዋለች፤ ድምፁን መስማት ነው የፈለገችው። እናቴ ከመሐረቡ ፈትታ ሰጠችኝ። «የካቲት 23 ቀን 1983 ዓ.ም.» ብዬ ስጀምር ሴትየዋ «ማርች 2» አለች።