ርካሹ የድሮ ፒልስ ወይስ ውዱ አዲሱ? የቱን ልግዛ ለምትሉኝ

«የቱ ፒልስ ይሻለኛል?» አንዷ ጓደኛዬ ስለ እርግዝና መከላከያ ፒልስ ጠይቃ ስትጨርስ ሌላዋ ትጀምራለች። ብዙ ጊዜ ጥያቄው ከሁለት ፎቶ ጋር ነው የሚመጣው። አንዱ ርካሹ ፓኬት ነው፣ ሌላው ዋጋው እጥፍና ከዚያ በላይ የሆነው ባለ ቆንጆ ካርቶን። ከዚያ «ውዱ ይሻላል አይደል?» ትከተላለች። አይሻልም። የተለየ ምክንያት ከሌለሽ የድሮውን፣ ርካሹን፣ ባለ 28 ፍሬውን ግዢ። እኔ ለእህቴም የምላት ይህንኑ ነው።

መጀመሪያ የንግድ ስሙን እርሺው። ካርቶኑ ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን አንብቢ። የድሮው ላይ ሌቮኖርጀስትሬል 150 ማይክሮግራም እና ኢቲኒል ኢስትራዲዮል 30 ማይክሮግራም ይላል። ሁለቱም ሆርሞኖች ናቸው፣ ሁለተኛው የኤስትሮጅን ዓይነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ ያስገባው ይህንን ነው። ውዱ ላይ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ድሮስፒረኖን 3 ሚሊግራም የሚል ታገኛለሽ፣ ከ20 ወይም ከ30 ማይክሮግራም ኢቲኒል ኢስትራዲዮል ጋር። ያዝ እና ያስሚን የሚባሉት እነዚህ ናቸው። «የድሮ» ስልሽ ደግሞ አትደንግጪ። እ.ኤ.አ. በ1960 አሜሪካ ውስጥ ለእርግዝና መከላከያ የተፈቀደው የመጀመሪያው ፒል ኤኖቪድ 150 ማይክሮግራም ኤስትሮጅን ነበረበት። ከሱ ጋር ስታስተያዪው ዛሬ መደርደሪያ ላይ ያለው ሁሉ ቀላል ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ሰው ሁሉ የፓኬቱን ዋጋ በ12 አባዝቶ የዓመት ወጪዬ ይሄ ነው ይላል። ስህተት ነው። አንድ ፓኬት የ28 ቀን ነው፣ ወር አይደለም፣ ስለዚህ በዓመት የምትገዢው 13 ፓኬት ነው። ባለ 21 ፍሬው ከሰባት ቀን እረፍት ጋር ሲወሰድም ያው 13 ነው፤ «ፍሬው ስለሚያንስ ይረክሳል» የምትሉ ሰዎች ዋጋውን በፍሬ ሳይሆን በፓኬት አስተያዩት። የወር አበባ አልፈልግም ብለሽ ያለ እረፍት የምትወስጂ ከሆነ ደግሞ ሆርሞን ያላቸውን 21 ፍሬዎች ብቻ ስለምትጠቀሚ በዓመት ከ17 ፓኬት በላይ ይሄዳል (ያዝ ላይ ሆርሞን ያላቸው 24 ስለሆኑ ያንሳል)። እዚህ ጋ ነው ውዱ ጉድ የሚያደርግሽ። የዋጋው ልዩነት በ13 ሲባዛ ያሳዝናል፣ በ17 ሲባዛ ያስለቅሳል። የሦስት ፓኬት ካርቶን ካለ ደግሞ የአንዱን ሂሳብ አስይና ግዢ፣ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። መጀመሪያ ግን አንድ ፓኬት ሞክሪ። ሳይስማማሽ ቢቀር ሁለቱ መሳቢያ ውስጥ ይቀራሉ።

ሌላም ነገር አለ። ያው ሌቮኖርጀስትሬል በታወቀ ብራንድም በጀነሪክም (ያው መድኃኒት ያለ ታዋቂው ስም) ይሸጣል፣ ዋጋውም ሰማይና ምድር ሊሆን ይችላል። ንጥረ ነገሩና መጠኑ አንድ ከሆነ፣ የተመዘገበም ከሆነ ጀነሪኩን ግዢ። ለስም አልከፍልም።

ውዱ ምን ይጨምርልሻል? ለፍትሐዊነት ያህል ልንገርሽ። ድሮስፒረኖን ስፒሮኖላክቶን ከሚባለው ውኃ የሚያስወጣ መድኃኒት ጋር የሚዛመድ ነገር ነው፣ ሰውነት ውኃ እንዳይዝ ትንሽ ይረዳል፣ ስለዚህ አንዳንዶች «አላበጥኩም» ብለው ይወዱታል። ያዝ በአሜሪካ ለቡጉርም ከወር አበባ በፊት ለሚመጣው ከባድ የስሜት መዛባትም ተፈቅዷል። እንዲህ ዓይነት ችግር አለብሽና ሐኪም አዞልሻል? ክፈይና ውሰጂ፣ ከእኔ ጋር ምንም ጭቅጭቅ የለሽም። ለተራ ቡጉር ግን ርካሹም ቢሆን ብዙዎች ላይ ይሠራል፣ ለሦስት ወር ያህል ሳትሰጪው ግን አትፍረጂበት። በዚያ ላይ ድሮስፒረኖን ደም ውስጥ ያለውን ፖታሲየም ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ ኩላሊትሽ የታመመ ከሆነ ወይም እንደ ኢናላፕሪል ያለ የግፊት መድኃኒት ወይም ስፒሮኖላክቶን የምትወስጂ ከሆነ ሳትጠይቂ አትንኪው።

እኔን ወደ ርካሹ የሚያደላኝ ግን ገንዘቡ ብቻ አይደለም። የደም መርጋት ጉዳይ አለ። የአውሮፓ መድኃኒት ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2013 ያስቀመጠው ቁጥር ይኸውልሽ፦ ፒል ከማይወስዱና ካላረገዙ 10,000 ሴቶች በዓመት 2 ያህሉ ደም ይረጋባቸዋል። ሌቮኖርጀስትሬል ያለበትን ከሚወስዱት ከ5 እስከ 7። ድሮስፒረኖን፣ ጄስቶዲን ወይም ዴሶጄስትሬል ያለበትን ከሚወስዱት ከ9 እስከ 12። ሁለቱም ትንሽ ቁጥር ነው፣ እርግዝናና ከወሊድ በኋላ ያሉት ሳምንታት ከሁለቱም ይበልጣሉ፣ ስለዚህ ውዱን የምትወስጂ ሆነሽ ይህን ስታነቢ ተደናግጠሽ እንዳትጥዪው። ግን ገና ልትገዢ ከሆነ፣ የበለጠ ከፍለሽ የበለጠ ስጋት መግዛት ምን ይባላል?

ለማንኛውም ምልክቶቹን እወቂ። አንድ እግር ብቻ፣ ባት አካባቢ፣ አብጦ ሲያም። ድንገት የደረት ሕመም ወይም ትንፋሽ ማጠር። ከዚህ በፊት አይተሽው የማታውቂው ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የእይታ መደብዘዝ፣ የንግግር መተሳሰር። ኃይለኛ የሆድ ሕመም። እነዚህ ሲመጡ ነገ አይባልም፣ ሐኪም ቤት ነው። ፒል እንደምትወስጂም ተናገሪ፣ ካልነገርሻቸው ላይጠይቁሽ ይችላሉ።

ሁለቱንም መግዛት የሌለባት ሴትም አለች። ዕድሜዋ 35 ሞልቶ ሲጋራ የምታጨስ። ከራስ ምታቷ በፊት ብልጭታ ወይም ዚግዛግ መስመር የምታይ፣ ማለትም ኦራ ያለው ማይግሬን ያለባት። ደም ረግቶባት የሚያውቅ። ስትሮክ ወይም የልብ ድካም የደረሰባት። የጡት ካንሰር ያለባት። ጉበቷ በጠና የታመመ። ከወለደች ስድስት ሳምንት ያልሞላት የምታጠባ እናት፤ እስከ ስድስት ወርም ባይሆን ይመረጣል። የደም ግፊቷ 140/90 እና ከዚያ በላይ የሆነ፤ 160/100 ከደረሰ ጭራሽ አይታሰብም። ይህ የመጨረሻው ነው ብዙዎቻችን የምንዘለው። ግፊት መለካት የደቂቃዎች ሥራ ነው፣ ብዙ ቦታም በነፃ ወይም በሳንቲም ነው፣ እና ፒል ከመጀመርሽ በፊት ከሚደረጉት ሁሉ ዋናው እሱ ነው። ውዱን ትታ በተረፋት ገንዘብ ግፊቷን የምትለካ ሴት አትርፋለች። እዚህ ዝርዝር ውስጥ ካለሽ ኤስትሮጅን የሌለበት ሌላ አማራጭ ሞልቷል፣ ከባለሙያ ጋር ተነጋገሪ።

አሁን ደሜን ወደሚያፈላው ልምጣ። ፎርጅድ።

አንዲት ጓደኛዬ «በግማሽ ዋጋ አገኘሁ» ብላ ኦንላይን ከምታውቀው ሰው የገዛችውን ውድ ፓኬት አብረን ከፈትነው። ካርቶኑ ያምራል። ፍሬዎቹ የታሸጉበትን ስትሪፕ ስናወጣው ግን ፎይሉ ጠርዙ ላይ ተጨማዷል፣ በጥፍር ሲነካ ይላቀቃል። ካርቶኑ ላይ ያለው የባች ቁጥር (የምርት ዙሩ መለያ) እና ስትሪፑ ላይ የተመታው አይገናኙም። ሆርሞን የሌላቸው ፍሬዎች መጨረሻ ላይ መሆን ሲገባቸው ቀስቱ ከሚጀምርበት ረድፍ ላይ ተደርድረዋል። ከስትሪፖቹ አንዱን ደግሞ መውሰድ ጀምራ ነበር። ፋርማሲስቷ ገና ስታየው ራሷን ነቀነቀች። ሻጩ ስልክ አያነሳም። በግማሽ ዋጋ የተረፈው ገንዘብ ለፖስት ፒል (ከግንኙነት በኋላ ለሚወሰደው ድንገተኛ መከላከያ) እና ለእርግዝና ምርመራ ወጣ፣ ተደምሮ ሲታይ ርካሹን ለወራት ይገዛ ነበር። ደግነቱ አላረገዘችም፣ እንቅልፍ ግን አልነበራትም።

እና አንድ ነገር አስተውዪ፦ አስመሳዮች የሚደክሙት ለሚያዋጣቸው ነገር ነው። ፎርጅድ ርካሹም ላይ አይሠራም አልልም፣ ግን ያማረው ካርቶን መተማመኛ አይደለም።

ስለዚህ ስትገዢ እዚያው ቆመሽ ክፈቺው። የባች ቁጥርና የማብቂያ ቀን ካርቶኑም ስትሪፑም ላይ አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው። ስትሪፕ ተቆርጦ ሲሸጥልሽ አትውሰጂ፤ ቀኑ የታተመው አንድ ጫፍ ላይ ስለሆነ የተቆረጠው ቁራጭ መቼ እንደሚያልፍበት ማንም አያውቅም። መግለጫ ወረቀቱ ካርቶኑ ውስጥ መኖሩን እይ። ካለፈው ፓኬትሽ ጋር ቀለሙንና አደራደሩን አስተያዪ፤ ለዚህ ብዬ ባዶ ስትሪፕ አልጥልም፣ አንዱን አስቀምጣለሁ። የተላጠ፣ የተሰባበረ፣ ቀለሙ የተለወጠ ፍሬ ካለ መልሺ። ቤት ካስገባሽው በኋላም መታጠቢያ ቤትና ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ አታስቀምጪው።

ይህንን ማየት ለፎርጅድ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 ብራዚል ውስጥ የማሸጊያ ማሽን ለመሞከር የተሠራ ሆርሞን የሌለው ማይክሮቭላር የተባለ ፒል ገበያ ውስጥ ገብቶ ሴቶች አርግዘዋል። ዕቃው ከእውነተኛው ፋብሪካ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 መጀመሪያ ላይ ደግሞ የመድኃኒት ኩባንያው ፋይዘር የፍሬዎቹ ቁጥርና ቅደም ተከተል ተዛብቶ ሊሆን ይችላል ብሎ ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጋ ፓኬት ከአሜሪካ ገበያ ሰብስቧል። ታላላቆቹም ይሳሳታሉ። በቀለም የተለዩት ፍሬዎች የት እንደሚቀመጡ ካወቅሽ አንቺው ትይዢዋለሽ።

ባለ 21 ወይስ ባለ 28? ባለ 28። ሰባቱ ባዶ ፍሬዎች (አንዳንዱ ላይ ብረት ይጨመርባቸዋል፣ ቡናማዎቹ) ሥራቸው ልማድሽን ማስጠበቅ ነው። ባለ 21 ላይ አደጋው መሀል ላይ መርሳት ብቻ አይደለም፣ ከእረፍቱ በኋላ አዲሱን ፓኬት በቀኑ አለመጀመር ነው። ሰባቱ ቀን ዘጠኝ ሲሆን እንቁላል ለመውጣት ይዘጋጃል። አንድ ነገር ልብ በዪ፣ ባለ 28 ስል 21 ሆርሞን ያለው ሲደመር 7 ባዶ ያለውን ነው፤ ያዝ 24 እና 4 ስለሆነ ቀጥሎ ያለው ሂሳብ የሱ አይደለም፣ የራሱን ወረቀት አንብቢ።

አንድ ፍሬ ከረሳሽ፣ እንዳስታወስሽ ዋጪው፣ የዛሬውንም በሰዓቱ። ሁለት በአንድ ቀን ቢገጥም ችግር የለውም፣ ትንሽ ሊያቅለሸልሽሽ ይችላል። ሁለትና ከዚያ በላይ ከረሳሽ የመጨረሻዋን ብቻ ዋጪ፣ የቀደሙትን ተያቸው፣ ቀሪውን በየቀኑ ቀጥዪ፣ ሰባት ቀን በተከታታይ እስክትውጪ ደግሞ ኮንዶም። ይህ የሆነው ሆርሞን ካላቸው የመጨረሻ ሰባት ፍሬዎች ላይ ከሆነ ባዶዎቹን ዝለዪና ቀጥታ አዲስ ፓኬት ክፈቺ። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ከሆነና ግንኙነት ከነበረ ፖስት ፒል ጠይቂ፤ የተሰጠሽ ዩሊፕሪስታል ከሆነ ፒልሽን ከመቀጠልሽ በፊት አምስት ቀን ጠብቂ። ከባዶዎቹ አንዷን ብትረሺ ምንም አይደለም። ከዋጥሽ በሦስት ሰዓት ውስጥ ካስመለሰሽ ሌላ ዋጪ። አጠቃቀሙ ፍጹም ከሆነ በዓመት ከ100 ሴቶች አንዷም አታረግዝም ይባላል፣ እንደ ሰው ወጉ ሲወሰድ ግን 7 ያህል ያረግዛሉ። ልዩነቱ ያለው እዚህ አንቀጽ ውስጥ ነው፣ የካርቶኑ ዋጋ ላይ አይደለም።

ፒልን የሚያዳክም ሌላ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ደግሞ ርካሹም ውዱም እኩል ነው። የቲቢው ሪፋምፒሲን፣ የሚጥል በሽታዎቹ ካርባማዜፒን፣ ፌኒቶይንና ፌኖባርቢታል፣ አንዳንድ የኤች አይ ቪ መድኃኒቶች የፒልን ኃይል ይቀንሳሉ። ሌላው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ላሞትሪጅን ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል፣ ፒሉ ነው እሱን የሚያዳክመው። አሞክሲሲሊንን የመሰለ ተራ አንቲባዮቲክ ግን ካላስመለሰሽና ከባድ ተቅማጥ ካላመጣብሽ ምንም አይነካውም፣ ኮንዶም አክዪ የሚለው ምክር የድሮ ነው።

መቀየር ከፈለግሽ ፓኬቱን ጨርሰሽ ሌላውን ያለ ክፍተት ጀምሪ። «ሰውነቴን ላሳርፈው» ብሎ አንድ ሁለት ወር አቁሞ መመለስ የሚባለውን ነገር ግን ተዪው። ደም የመርጋት ዕድል ከፍ የሚለው በመጀመሪያው ዓመት፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፣ አራት ሳምንትና ከዚያ በላይ አቁመሽ ስትመለሺ ደግሞ ከፍ ማለቱ እንደ አዲስ ይጀምራል።