ፋንታሲ የምትገዙ የጎንደር ልጆች፣ ላስቲኩን ሳትቀድዱ ብር እንዳትልኩ

4,200 ብር። ለአምስት መጽሐፍ የከፈልኩት ነው። ከአምስቱ መጽሐፍ ሆኖ የተገኘው አንዱ ብቻ ነው።

ዳታ ጠፍቶ በከረመበት ጊዜ ወረቀት ላይ ሙጥኝ ያልን ሰዎች ብዙ ነን። እኔን ያኔ የያዘኝ የፋንታሲ (አስማትና ምናባዊ ዓለም የሞላበት ልብወለድ) ሱስ እስካሁን አልለቀቀኝም። ዳታው ሲመለስ ታዲያ የመጀመሪያ ሥራዬ በቴሌግራም መጽሐፍ ሻጭ ማፈላለግ ሆነ። አንድ ቻናል አገኘሁ። «አዲስ የገቡ፣ ኦሪጅናል፣ ጎንደር ውስጥ ያሉበት ድረስ እናደርሳለን» ይላል። ፎቶው ያምራል። አምስት መጽሐፍ ቀይ ምንጣፍ ላይ ተደርድሯል፣ ከሁሉም በላይ «ፒራኔዚ» ተቀምጧል።

ደወልኩ። ሻጩ አንደበተ ርቱዕ ነው። «እህቴ፣ ግማሹን አሁን በቴሌብር፣ ግማሹን ስትረከቢ» አለኝ። መጽሐፎቹ እያንዳንዳቸው በላስቲክ ታሽገዋል። ላስቲኩ ከተቀደደ ግን አይመለስም፣ «አዲስነቱ ይጠፋላ!» እኔም እውነቱን ነው ብዬ ተቀበልኩ። ወጥመዱ ራሱ ላስቲኩ እንደሆነ የገባኝ ቤት ገብቼ ከቀደድኩ በኋላ ነው። ያኔ ዕቃውን ፒያሳ ያቀበለኝ ልጅ በመጣበት ባጃጅ ሄዷል፣ ቀሪው ብርም ተልኳል።

ከወፍራሙ ልጀምር። የብራንደን ሳንደርሰን «ዊንድ ኤንድ ትሩዝ» በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 2024 የወጣ ነው። አሥር እንዲሆን የታቀደ ተከታታይ አምስተኛው መጽሐፍ ነው። ዋናው ከ1,300 ገጽ በላይ አለው፣ ትራስ ይወጣዋል። የኔው ከደብተር ብዙም አይወፍርም። ለካ አንዱ ገጽ ላይ አራት ገጽ አጭቀውበታል። ፊደሉ ጤፍ ያክላል። የእናቴን መነጽር ተውሼ ሁለት ምዕራፍ ታገልኩ፣ ከዚያ ራሴን አመመኝ። ስለዚህ መጽሐፍ የምሰጠው አስተያየት የለኝም።

የሬቤካ ያሮስ ሁለቱ ደግሞ አሉ። «ፎርዝ ዊንግ» በግንቦት 2023፣ «አይረን ፍሌም» በዚያው ዓመት ኅዳር የወጡ ናቸው። የመጀመሪያው ኮፒ ቢሆንም ይነበባል። ወድጄዋለሁም። ቅዱስ ጊዮርጊስ ደራጎኑን ሲወጋ እያየን ላደግን ሰዎች፣ ደራጎን ጋልበው የሚዋጉ ወጣቶችን ማንበብ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ያስደነግጣል። ልጅቷ ከመጻሕፍት ጋር መኖር ስትፈልግ ጄኔራል እናቷ በግድ ወደ ጋላቢዎቹ ትምህርት ቤት ትልካታለች። ፈጣን ነው፣ አንዴ ከያዙት እንቅልፍ ይነሳል። ሽፋኑ በሦስተኛው ቀን ተገንጥሎ ወደቀ እንጂ።

ጉዱ ሁለተኛው ላይ ነው። እያነበብኩ 288 ላይ ደረስኩ፣ ገለጥኩ፣ ሰዎቹ ሌላ ቦታ ላይ ናቸው። የተጣላው ታርቋል፣ የዳነው ቆስሏል። «ይቺ ሴትዮ ታሪክ ማያያዝ አትችልም» ብዬ ተናደድኩ። በዚያ አላበቃሁም። ለሦስት ሰው «በሁለተኛው ወርዳለች፣ አታንብቡት» ብዬ ተናግሬያለሁ። ማራኪ ግቢ እንግሊዝኛ የሚያስተምር የአክስቴ ልጅ ነው ያነቃኝ። «አንቺ፣ የገጹን ቁጥር አይተሽዋል?» አለኝ። ከ288 ቀጥሎ ያለው 321 ነው። ሠላሳ ሁለት ገጽ የለም!

ከብሩ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ብሩ ይሠራል። ጸሐፊዋን ግን ባልሠራችው ጥፋት ሰው ፊት አማኋት። (መጽሐፉ ሳያስፈልገው ረዝሟል የሚለው ሐሜቴ ግን አሁንም እንደጸና ነው። ሠላሳ ሁለት ገጽ ተቀንሶለት እንኳን ረዝሞብኛል።)

ለሻጩ ጻፍኩለት። መልሱን ስሙልኝ። «ዋናውም ሲታተም ስህተት ነበረበት፣ ጎግል አድርጊ።» አደረግኩ። እውነትም በ2023 የመጀመሪያውን ኅትመት የገዙ የውጭ አገር አንባቢዎች የገጽ ብልሽት አለበት ብለው ቅሬታ አሰምተው ነበር። ሰውየው የቤት ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው። የኔው ግን ኮፒ ነው። 140ኛው ገጽ ጥግ ላይ ኮፒውን ያነሳው ሰው አውራ ጣት ከነጥፍሩ ይታያል።

አሁን ወደ «ባቤል» ልምጣ። የአር. ኤፍ. ኩዋንግ ሥራ ነው፣ በ2022 ወጥቶ የኔቡላ ሽልማት አግኝቷል። «የአማርኛ ትርጉም» ሲለኝ ዘልዬ ገባሁበት። የዋናውን ሐሳብ ልንገራችሁ። ታሪኩ በ1830ዎቹ ኦክስፎርድ ውስጥ ነው። አስማቱ የሚሠራው በትርጉም ነው። በብር ጡብ ላይ ከሁለት ቋንቋ የተወሰዱ ሁለት ቃላት ይቀረጻሉ፤ አንዱ ወደ ሌላው ሲተረጎም የሚጎድለው ትርጉም ኃይል ይሆናል። ሰምና ወርቅ ለሚያውቅ አማርኛ አንባቢ ከዚህ የተሻለ አስማት ከየት ይመጣል? ደግ ተርጓሚ አግኝቶ ቢሆን ኖሮ እኮ!

የኔን የተረጎመው ማሽን ነው። የብሩ ጡብ በእንግሊዝኛ «ባር» ስለሚባል መጽሐፉን ሙሉ «የብር ቡና ቤት» ሆኗል። ተማሪዎቹ ቡና ቤቱን በኪሳቸው ይዘው ይዞራሉ። ጥንዶቹ ቃላት «የግጥሚያ ጥንድ» ናቸው፣ ኳስ ጨዋታ ያለ ይመስላል። ዋናው ገጸ ባሕርይ ሮቢን ስዊፍት «ሮቢን ፈጣን» ተብሏል። ፕሮፌሰር ፕሌይፌርን ደግሞ «ፕሮፌሰር ፍትሐዊ ጨዋታ» አድርገውታል። ዋናው መጽሐፍ የግርጌ ማስታወሻ ይበዛበታል፤ እዚህ ማስታወሻው ሁሉ ዓረፍተ ነገር መሐል ተወሽቋል። እስኪበቃኝ ሳቅሁ፣ ከዚያ ዋጋው ትዝ አለኝ። ሽፋኑን አገላብጬ አየሁት። የተርጓሚ ስም የለም። ይቺን ያዙልኝ፦ ተርጓሚው ያልተጠቀሰበት ትርጉም አትግዙ።

«ፒራኔዚ» ብቻ ዋናው ነው። ያገለገለ ነው፣ ግን ሙሉ ነው። ሱዛና ክላርክ በ2020 አውጥታው በማግስቱ ዓመት የሴቶች የልብወለድ ሽልማት ወስዳበታለች። ማለቂያ በሌላቸው፣ ሐውልት በሞላባቸው አዳራሾች ውስጥ የሚኖር ሰው ማስታወሻውን ይጽፋል። ከታች ባሕር ይገባል፣ ይወጣል። ከዚህ በላይ አልነግራችሁም፣ ይበላሻል። አመሻሽ ላይ የፋሲል ግንብ ውስጥ፣ ጎብኚ ሲቀንስ፣ ጣሪያ በሌለው አዳራሽ የቆመ ሰው ይሄን መጽሐፍ ገና ሳያነበው ያውቀዋል። ከሁሉም በላይ የወደድኩት እሱን ነው። ፎቶው ላይ ከላይ የተቀመጠውም በከንቱ አይደለም። እውነተኛውን አሳይተው ሌላውን ያሻግራሉ።

ምርቃትም ነበረው። «ለደንበኛ ነው እህቴ» ብሎ የጆርጅ ማርቲንን የ«ጌም ኦፍ ትሮንስ» ተከታታይ ስድስተኛ ቅጽ ጨመረልኝ። አምስተኛው የወጣው በ2011 ነው። ስድስተኛውን ደራሲው ገና አላወጣም! የኮምፒውተር ጽሑፍ አሳትመው ስሙን ለጥፈውበታል። በየምዕራፉ መጨረሻ ሰው ሁሉ ይቅር ይባባላል። ማርቲን ጋ ይቅርታ! ያኔውኑ መንቃት ነበረብኝ።

እንግዲህ ላስቲክ ያለበትን ሻጩ ፊት ቅደዱ። እምቢ ካለ ተዉት። ካነሳችሁት በኋላ መሐሉን ግለጡ፣ የገጽ ቁጥሩን በጣታችሁ ተከተሉ። የገጹን ብዛት ቀድማችሁ ኢንተርኔት ላይ እዩና አስተያዩት። ከርዕሱ ጀርባ ያለው ገጽ ላይ አሳታሚው፣ ዓመቱ፣ በ978 ወይም በ979 የሚጀምር ባለ13 አሃዝ የመጽሐፍ መለያ ቁጥር (ISBN) መኖር አለበት። እሱ ገጽ ኮፒም ሊደረግ ስለሚችል ብቻውን አትመኑት። «ኦሪጅናል ነው ወይስ ኮፒ?» የሚለውን ጥያቄ በጽሑፍ ጠይቁ፣ መልሱን አስቀምጡ። ደረሰኝ ሲባል ድምፁ የሚቀየር ሻጭ አለ፣ የኔው እንደዚያ ነበር። «ኮፒ ማድረግ ሁሉም ያደርገዋል» አለኝ መጨረሻ ላይ። የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል ብዬ ስጽፍለት ብሎክ አደረገኝ።

ፒያሳ መሬት ላይ አሮጌ መጽሐፍ የሚያነጥፉ ጋሼ አሉ፣ ነገሩን ስነግራቸው «እኔ ጋ ሳይገለጥ የሚሸጥ የለም ልጄ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ እሳቸው ጋ ቆሞ ግማሹን አንብቦ የሚሄድም አለ። አዲስ ፋንታሲ እምብዛም አይገኝም እንጂ።

ቻናሉ ስሙን ቀይሯል። ፎቶው ግን ያው ነው፣ ቀይ ምንጣፍ፣ ከላይ «ፒራኔዚ»። ካያችሁት እለፉት።

የ«አይረን ፍሌም» ዋናው ያለው ሰው ካለ ደግሞ ከ289 እስከ 320 ያለውን እዚያው ፊቱ ተቀምጬ አንብቤ እመልስለታለሁ። ቡናው በኔ።