የዘይት ምርመራው ወረቀት ሞተሬን ከመውረድ አዳነው

ለአይሱዙዬ የሞተር ዘይት ምርመራ ማሠራት ከጀመርኩ መንፈቅ አለፈኝ። መኪናው ከአዳማ ተነስቶ እህል ይጭናል። ግማሽ መንገዱ አስፋልት፣ ግማሹ ወደ አርሲ ገጠር የሚያስገባ ኮረኮንች ነው። ስለ አገልግሎቱ ብዙ የምለው የለኝም። ናሙና ትልካለህ፣ ትከፍላለህ፣ ወረቀት ይመጣል። ጉዱ ያለው ወረቀቱ ላይ ነው።

መኪናው ዘይት መብላት ጀምሮ ነበር። መካኒኩ ዘይቱን በሁለት ጣቱ አሸት አደረገና "ጠቁሯል፣ ቀጥኗል፣ ችግሩ ዘይቱ ነው" አለ። ዘይት ሻጩ ይህን ሲሰማ ጊዜ አላጠፋም፤ ውዱን ጄሪካን አወረደልኝ። ኧረ ጎበዝ! የናፍጣ ሞተር ዘይት እኮ ከተቀየረ ብዙም ሳይቆይ ይጠቁራል። ጥላሸቱን ይዞ መዞር ሥራው ነው።

ወረቀቱ መጣ። ውፍረቱ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 14.1 ሴንቲስቶክ (የዘይት ውፍረት መለኪያ ነው)። 15 ደብሊው 40 ለሚባለው የዘይት የውፍረት ደረጃ ከ12.5 እስከ 16.3 ድረስ ደህና ነው። አልቀጠነም ማለት ነው።

ቀጥሎ ሲሊኮን 46፣ አሉሚኒየም 15፣ ብረት 88 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ ስንት እጅ ማለት ነው) ይላል። ሲሊኮን ብቻውን ከፍ ቢል ብዙ አያስደነግጥም። አዲስ ዘይት ውስጥም አረፋ እንዳያወጣ ትንሽ ይጨመራል፤ ከጋስኬት ማጣበቂያም ሊመጣ ይችላል። ከአሉሚኒየም ጋር ተያይዞ ሲወጣ ግን አቧራን ጠርጥር፤ አፈር ውስጥ ሁለቱም ሞልተዋል። ብረቱን ያበዛው ደግሞ አቧራው ካሚቻውን (ፒስተኑ የሚመላለስበትን ሲሊንደር) እና ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበቶች) እየፋቀ ነው። መዳብና እርሳስ ዝቅ ብለዋል፤ ብሮንዚኑ (የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ) ደህና ነው። ሶዲየምና ፖታሲየምም የሉም፤ የራዲያተር ፈሳሽ ወደ ዘይቱ አልገባም።

የአየር ፊልትሮው አዲስ ነበር። እሱን አለፍንና ከፊልትሮው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን የጎማ ቱቦ ፈታነው። ማሰሪያው ሥር ፀጉር የምታህል ስንጥቅ። ቱቦውን ስትጫነው አፏን ትከፍታለች። ውስጡን በጣቴ ጠረግ ሳደርገው ነጣ ያለ ደቃቅ አቧራ ይዞ ወጣ። ይኸው!

ቱቦው ተቀየረ። በሚቀጥለው ውጤት ሲሊኮኑ 13 ሆነ፣ ብረቱም ወረደ። የተበላ ፋሻ ተመልሶ አይበቅልምና አሁንም ትንሽ ዘይት ይበላል። ሞተር ግን አላወረድኩም።

"የኛ ዘይት ኦሪጅናል ነው፣ ምርመራ ምን ያደርግልሃል?" ለምትለኝ ሻጭ፦ ወንድሜ፣ ወረቀቱ እኮ ዘይትህን ነፃ ነው ያወጣው! ውዱንም ብገዛ ያንኑ አቧራ ነበር የሚጠጣው።

የሚያናድደኝ ወረቀቱ "ጥንቃቄ" ብሎ ዝም ማለቱ ነው። አስረጂ የለም። ደግሞ ዘይቱ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሠራና ምን ያህል እንደተጨመረበት ካልጻፍክ የብረቱ ቁጥር ብዙ አይነግርህም። ናሙናውንም ሞተሩ እንደሞቀ ውሰድ። ቡሎኑን ስትፈታ መጀመሪያ የሚወጣው ዝቃጭ ይለፍ፤ መሀል ላይ ያለውን ቅዳ። በውኃ ፕላስቲክ የሚሰጥም አይቻለሁ፤ ገንዘቡን ቢበላበት ይሻለዋል።

አስፋልት ብቻ የሚሮጥ አዲስ መኪና ያለው ሰው ባያሠራ አልፈርድበትም። ኮረኮንች የሚገባ ግን የአንድ ቱቦና የሞተር ማውረጃ ዋጋ ይጠይቅና ያወዳድር። እኔ ቀጣዩን ናሙና የምልከው ክረምቱ ወጥቶ የእህል ጭነት ሲጀመር ነው። አቧራው የሚብሰው ያኔ ነው።